ኢንጂነሩ በግድግዳ የገባ ዕለት

በዕድሜዬ ብዙ ነገር ፈርቻለሁ። ጅብ ፈርቻለሁ፤ ቀበሌ ፈርቻለሁ፤ መብረቅ ፈርቻለሁ። በነዚህ አላፍርም። ጅብም ጥርስ አለው፣ ቀበሌም ማኅተም አለው። የማፍረው የባሌን ታላቅ ወንድም፣ እንዳለ የሚባለውን፣ በመፍራቴ ነው። ጥርስም ማኅተምም የሌለው፣ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሰካ ሰው!

ይህን የምታነቡ፣ የተማረች ሴት ጻፈችው እንዳትሉ። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ፊደሉን ልጄ ሜሮን አርማልኛለች፤ ስድቡን ግን እንዳትነካብኝ አስምያታለሁ።

ያኔ አርባ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነበር። የምንኖረው ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው፣ ከግንቡ በሮች ከአንዱ፣ ከፈላና በር፣ ገባ ብሎ፣ በቀበሌ ቤት። ቤቱ ጥንት የሐረሪዎች የነበረ የድንጋይ ቤት ነው። ድንጋዩ በጭቃ ተያይዞ፣ በላዩ ኖራ በየዓመቱ እየተደራረበ፣ ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍራል። ባሌ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከወሩ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ሥራ ያስገባው እንዳለ ስለሆነ፣ እንዳለ በቤታችን ላይ ሹም ነበር። ሲገባ አያንኳኳም። ሲቀመጥ የባሌ ወንበር ላይ ነው። እኔም ታዲያ "ጋሼ፣ እርስዎ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ" ስል ኖርኩ።

ኢንጂነር ይሉታል። መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም፤ ራሱ ሳይሆን አይቀርም። መንገድ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ለመሐንዲሶቹ ሲሚንቶና ሚስማር ሲያስረክብ ኖሮ ኖሮ፣ ከመጋዘኑ ሲወጣ መሐንዲስ ሆኖ ወጣ። ከሽንኩርት ነጋዴ አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ሽንኩርት ነጋዴ ይሆናል መሰለው።

አሁን ስለ ግድግዳው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነውና። ከቤታችን ጀርባ እማማ ሩቂያ አሉ፤ ሐረሪ ናቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሴት። የኛና የሳቸው ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራል። በራቸው ግን በሌላ በኩል ነው፤ እሳቸው ጋ ለመድረስ ሦስት ቀጫጭን መንገዶች መዞር አለብኝ። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ብዙ አይንቀሳቀሱም። ቀኑን የሚውሉት ነደባቸው ላይ ነው፣ ከፍ ተደርጎ የተሠራው በቀይ አፈር የተቀባው መደብ ላይ፣ ጀርባቸውን ለጋራው ግድግዳ ሰጥተው። ልክ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል። የሐረሪ ቤት እንዲህ ነው፤ መደርደሪያ ከውጭ አይገዛም፣ ቤቱ ሲሠራ ከግድግዳው ጋር አብሮ ይወለዳል። እማማ ሩቂያ ቁርዓናቸውንና ሁለት የቆዩ ኪታቦች እዚያ ውስጥ ያስቀምጣሉ።

እዚያ ጋ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ጠዋት ስነሳ በመዳፌ ሁለቴ መታ መታ አደርጋለሁ፤ እሳቸው በቀለበታቸው ሁለቴ ይመልሱልኛል። ደህና አደርኩ ማለታቸው ነው። ካልመለሱ ዞሬ እሮጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርን። እንግዲህ ያን ግድግዳ ከኔ በላይ የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

ሜሮን በሕግ ተመርቃ መጻሕፍቷን በስድስት ካርቶን ጭና መጣች። ወዲያው ደግሞ እሑድ ለሷ ሽማግሌ እንደሚመጣ ተነገረን። ዓርብ በጠዋት እንዳለ መጣ፤ ካርቶኖቹን በእግሩ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና፣

"ሽማግሌ ገብቶ ይሄን ሊያይ ነው?" አለ። "የሕግ ባለሙያ ቤት ነው ወይስ የሳሙና መጋዘን?"

ስለ መጋዘን እንኳ እሱ ያውቃል።

ከኪሱ ካሬ ወረቀት አወጣ። በሦስቱም እስክሪብቶ፣ በሰማያዊ፣ በቀይና በጥቁር፣ መደርደሪያ ስሎበታል። "ግድግዳው ውስጥ የሚገባ ነው" አለ። "ቢልት ኢን ይባላል። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ጥልቀቱ አርባ ሳንቲ። ግድግዳው ሰባ አለው። አርባ ብወስድለት ሠላሳ ይተርፈዋል። የብሎኬት ቤት ሠላሳ የት አለው?"

"ጋሼ" አልኩ፣ "ወለሉ ላይ የሚቆም ቢሆንስ?"

"ወለል ላይ የሚቆመው ቁም ሣጥን ነው፣ ዘነቡ። እኔ የማወራው ስለ ዲዛይን ነው።"

በመዶሻው እጀታ ግድግዳውን መታ። የኔና የእማማ ሩቂያ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ እንደ ባዶ ጋን ጓ አለ። እሱ ፈገግ አለ።

"ሰማሽ? ለስላሳ ግድግዳ ነው። ለመፈልፈል ምቹ።"

አራተኛ ክፍል መቀነስ ተምሬያለሁ። ከሠላሳው ላይ የእማማ ሩቂያ ጉድጓድ ስንዝር ከምናምን ሲወስድ የሚተርፈው ከእጅ ጣት የማይረዝም ነው። ይህን ለማወቅ እስክሪብቶ አያስፈልግም።

"ጋሼ፣ በዚያኛው ጎን..." ብዬ ጀመርኩ።

"በዚያኛው ጎን ምን? ጅብ ተኝቷል?" አለና ሳቀ። "አንቺ ሴት፣ ጥላሽንም እኮ ትፈሪያለሽ!"

ሜሮንም ፈገግ አለች። "እማዬ፣ ተይ እሱ ያውቃል" አለችኝ። አምስት ዓመት ሕግ የተማረች ልጅ! ይህን መስመር ልትሰርዘው ፈልጋ ነበር፤ አይሆንም ብያለሁ።

እኔስ ምን አደረግሁ? ዝም አልኩ። እሱን ባስቀይመው ባሌን ከሥራ ያስወጣዋል ብዬ ፈራሁ። ቀበሌ ቢሰማ ቤት አፈረሳችሁ ይለናል ብዬም ፈራሁ። ጉሮሮዬ ላይ የደረሰውን ቃል ዋጥኩና ምሳ ልሠራ ገባሁ። ሰው ራሱን ይንቃል ቢሏችሁ እመኑ፤ እኔ ያን ዕለት ሽንኩርት እየከተፍኩ ራሴን ንቄአለሁ።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሆዱ ተከፈተ። እንዳለ ካፖርቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በመሮና በመዶሻ ራሱ ይፈለፍላል። ከግድግዳው ወገብ ላይ፣ በአግድም የተኛ፣ የክንድ ውፍረት ያለው ጥቁር እንጨት ወጣ። ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ድንጋይ ውስጥ ተቀብሯል።

"የድሮ ሰው እንጨት የሚጥልበት ቢያጣ ግድግዳ ውስጥ ይቀብራል?" አለና መጋዝ አነሳ።

እንጨቱ ሁለት ቦታ ላይ ተቆረጠ። ሁለተኛው ሲቆረጥ ቤቱ አንድ ድምፅ አሰማ፤ ሽማግሌ ከወንበር ሲነሳ የሚያወጣት ዓይነት ድምፅ። ከላይ ከጣሪያው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ታየች። ኖራው እንደ ዱቄት ረገፈብኝ።

ከዓመታት በፊት በክረምት የማድ ቤታችን ግድግዳ ተሰንጥቆ፣ ኦቦ አህመድ የሚባሉ ሽማግሌ ግንበኛ መጥተው ነበር፤ ከከተማው ዳር የሚመጡ፣ ፈላና በር ላይ ሥራ የሚጠብቁ የኦሮሞ ሰው ናቸው። ያኔ ስንጥቁ ላይ ወረቀት በሊጥ ለጥፈው፣ "ሃዳ ሜሮን" አሉኝ፣ የሜሮን እናት ማለታቸው ነው፣ "ወረቀቱ ካልተቀደደ ግድግዳው ተኝቷል። ከተቀደደ ግን እየሄደ ነው።"

እንዳለ ሲሄድ ወንበር ላይ ወጥቼ ከደብተር የቀደድኳትን ወረቀት በሊጥ ለጠፍኩ።

ቅዳሜ ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት ወረቀቷን ነው። ከመሀል ተቀድዳለች።

ሁለቴ መታ መታ አደረግሁ። እማማ ሩቂያ በቀለበታቸው መለሱ፤ ድምፁ ግን በጣም ቀርቦ መጣ፣ ጆሮዬ ሥር ያሉ ያህል። ከመልሱ ጋር ትንሽ ጠጠር በወዲያ በኩል ወርዳ ስትንከባለል ሰማሁ። በሳቸው በኩል።

እንዳለ መደርደሪያውን ይዞ መጣ፤ ኮምፔርሳቶ ነው፣ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ወረቀቷን አሳየሁት።

"ይሄ ምንድነው?"

"ግድግዳው እየሄደ ነው፣ ጋሼ። ከተቀደደ..."

"ሊጥ ሲደርቅ ወረቀት ይቀደዳል። ሳይንስ ነው።" ወረቀቷን በሁለት ጣቱ ላጠና ጣላት። "ልጅሽ የሕግ ሰው፣ እኔ ኢንጂነር፣ አንቺ ደግሞ ቤት በሊጥ ትጠግኛለሽ!"

ኦቦ አህመድን ልጥራ ብለው "ያ ጫት የሚያመነዥክ ሽማግሌ?" አለኝ።

ዞር ሲል ሌላ ወረቀት ለጠፍኩ። ይህን ብቻ ነው ያደረግሁት። ሰው ሊሞት ነው ብላ ጮኻ መንደሩን የምታስነሳበት አንደበት ያላት ሴት፣ ወረቀት ትለጥፋለች!

መደርደሪያው አልገባም። ሳጥኑ ከጉድጓዱ በሦስት ጣት ይበልጣል። ዲዛይኑ በሦስት ቀለም ተስሎ ሲያበቃ፣ ያልለካው ነገር ነበር። "ትንሽ ነው የሚቀረው" አለና መሮውን አነሳ። ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ከወዲያ አዛን ተሰምቶ አብቅቷል። እኔ ዓይኔን ከወረቀቷ ላይ አልነቀልኩም። መዶሻው በወረደ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች።

ከዚያ ዓይኔ እያየ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ቀስ ብላ ተቀደደች።

"እጅህን አንሳ!" አልኩ።

እንዳለ መዶሻውን በአየር ላይ እንደያዘ ዞሮ አየኝ። ግድግዳው አይደለም ያስደነገጠው፤ "እጅህን" ያልኩት ነው።

"ማንን ነው አንተ የምትዪው?"

"አንተን ነው! በዚያ በኩል ሰው አለ። ልክ እዚያ ጋ ማስቀመጫቸው አለ፤ ከሥሩ እሳቸው ናቸው። የምትፈለፍለው ግድግዳ የለም!"

"አብደሻል።"

"ሜሮን! ወደ ፈላና በር ሮጠሽ ኦቦ አህመድን ፈልጊ። አንተ ደግሞ ድንጋይ እንዳትነካ!"

እኔ ወጣሁ። እሱ የሚተው መስሎኝ ነበር። ያቺ አራተኛ ክፍል ያቋረጠች ሴት ተው ስላለችው የሚተው እንዳይመስላችሁ፤ የመዶሻው ድምፅ በሩን ሳልፍ ጀምሮ ተከተለኝ።

በግድግዳው በኩል ቢሆን አንድ ክንድ ነው። በእግር ግን ሦስት መንገድ። በመጀመሪያው መንገድ እየሮጥኩ ነጠላዬ ወደቀ፤ ተውኩት። ሁለተኛው ላይ ስታጠፍ እንጨት የጫነች አህያ መንገዱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልታ ቆማለች። ባለቤቷ ከሱቅ ደጃፍ ሰው ያነጋግራል። "አሳልፈኝ!" አልኩ። "ትዞራለች፣ ቆይ" አለኝ። አልቆየሁም። በሆዷ ሥር አለፍኩ። ዕድሜ ልኬን ከአህያ እግር ስሸሽ የኖርኩ ሴት ነኝ።

የእማማ ሩቂያ በር ገርበብ ብሏል። ነደባቸው ላይ ናቸው፤ ቁጭ ብለው ይሰግዳሉ። ዳሌያቸው ስለማይፈቅድላቸው ሶላታቸውን ተቀምጠው ነው የሚያደርሱት። ከራሳቸው በላይ ከማስቀመጫው ውስጥ አቧራ ይወርዳል፤ ሻሻቸው ነጭ ሆኗል። መዶሻው ድም ድም ይላል። እሳቸው አልዞሩም።

ሶላት ላይ ያለ ሰው አይነካም፤ እዚህ ከተማ ያደገ ክርስቲያን ሁሉ ያውቀዋል። ቆምኩ። ሰግደው እስኪጨርሱ ልጠብቅ አልኩ። እግዚአብሔር ይፍረድብኝ፣ እዚያም ሆኜ ነውር ፈራሁ! ከዚያ የማስቀመጫው ጀርባ፣ ያ ነጭ ኖራ፣ ወደ እኛ ሆዱን ሲነፋ አየሁት።

ሄጄ በብብታቸው ገባሁና አንስቼ አዘልኳቸው። እንደ ልጅ ቀላል ናቸው። ሦስት እርምጃ ሄጃለሁ፣ አራት አልሞላሁም፣ ከኋላዬ ግድግዳው ተናደ። ድንጋዩ ነደባው ላይ፣ እሳቸው ተቀምጠውባት በነበረችው ትራስ ላይ ተራገፈ። ክፍሉ በአቧራ ተዋጠ።

አቧራው ሲገለጥ፣ የቁርዓኑ ማስቀመጫ በነበረበት ቦታ ላይ የሰው ፊት አለ። በኖራ ነጥቷል፣ ቅንድቡ ሳይቀር። አፉ ተከፍቷል። እንዳለ ነው።

እማማ ሩቂያ ጀርባዬ ላይ ሆነው፣

"ያ ረቢ! ማነው ቤቴ የገባው?" አሉ።

"ኢንጂነር ነው፣ እማማ።"

አንገታቸውን ወደ ቀዳዳው አስግገው፣ "በበር አይገባም እንዴ?" አሉ።

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። በሩ ደጃፍ ላይ አስቀመጥኳቸው። ያኔ ነው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው እንደያዙ ያየሁት፤ ቁርዓናቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ እዚያ አለ።

"ከትናንት ጀምሮ አቧራ ሲወርድ ጊዜ አወረድኩት" አሉ።

"እማማ! ታዲያ ከትናንት ጀምሮ ካወቁ ለምን ከሥሩ አልተነሱም? ለምን ግድግዳውን አልደበደቡም?"

ገርሟቸው አዩኝ።

"በዚያ በኩል አንቺ አለሽ አይደል? ክፉ ነገር ቢሆን ዘነቡ ዝም ትላለች?"

እንግዲህ ድንጋዩ ያኔ ነው የወደቀብኝ። ዓርብ ጠዋት የዋጥኩት ቃል፣ ሽንኩርት ስከትፍ የነበረኝ እጅ፣ በሊጥ የለጠፍኳቸው ወረቀቶች... እሳቸው እኔን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። እኔ ደግሞ ከግድግዳው የባስኩ ባዶ ነበርኩ።

"ሶላትዎን አስቋረጥኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"ነፍስ ለማዳን ይቋረጣል። አልሐምዱሊላህ፣ አሁን እጀምረዋለሁ" አሉና ውኃ ጠየቁኝ።

ሜሮን ኦቦ አህመድን ይዛ ስትመጣ ከላይ ያለው ግድግዳ ገና አልወደቀም፤ ተንጠልጥሎ ነበር። ሽማግሌው ጫታቸውን በጉንጫቸው እንደያዙ የባሕር ዛፍ አጣናዎች አስመጥተው፣ ከሥር ሳንቃ አድርገው በሁለቱም ቤት አቆሙ። በሽብልቅ አጠበቁ። ሲጨርሱ የተቆረጠውን ጥቁር እንጨት ከወለል አነሱት።

"ይሄን ማን ቆረጠው?"

"ለዲዛይኑ አስፈላጊ ነበር" አለ እንዳለ። አሁንም ነጭ ነው።

"ዲዛይን ምንድነው?"

"ማለት... አሠራሩ።"

"ይሄ የግድግዳው መቀነት ነው። ድንጋዩ ወገቡ እንዳይፈታ የሚያስረው። አንተ የሰው መቀነት ቆርጠህ ሱሪው ሲወድቅ ትገረማለህ?"

እንዳለ ካፖርቱን ፈለገ። ካፖርቱ ከድንጋዩ ሥር ነበር።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። በአጣናዎቹ መካከል እያጎነበሱ ገቡ፤ በግድግዳው ቀዳዳ በኩል እማማ ሩቂያ ከወዲያ ሆነው "እንኳን ደህና መጣችሁ" አሏቸው። እንዳለ ቀድሞ ተነሳ፤ "ትንሽ የዕድሳት ሥራ ላይ ነን፣ ቤቱ አርጅቶ..." ሲል፣

"ቤቱ አላረጀም" አልኩ። "እሱ ነው ያፈረሰው። እኔ ደግሞ እያወቅሁ ዝም አልኩ።"

በሽማግሌ ፊት ሴት እንዲህ አትናገርም። እኔ ግን ከእንጨቱ እስከ አህያዋ ሁሉን ነገርኳቸው። አንዱ ሽማግሌ ስለ አህያዋ ሲሰሙ ሳቃቸው አላስቆም ብሎ ጋቢያቸው ወደቀ። ልጄን ከመጠየቅ አልተመለሱም። የልጁ ወገኖች እውነት መስማት አልፈሩም።

ቀበሌ መጣ፤ ተቆጣ፤ ሄደ። የፈራሁት ሁሉ ይኸው ነበር። ባሌም ከሥራው አልወጣም፤ እንዳለ ሰው ማስወጣት ቀርቶ መጋዘን ማስከፈት እንደማይችል ያኔ ታወቀ።

መደርደሪያውን ኦቦ አህመድ ሠሩት። ከወለሉ ድንጋይ ላይ አራት ወፋፍራም የጥድ ምሰሶ አቆሙ፣ በላያቸው ወፍራም አግዳሚ አስተኙ፣ ግድግዳውን በዚያ ላይ አሳረፉት። በምሰሶዎቹ መካከል ሳንቃ ገባ፣ በሳንቃው ላይ የሜሮን መጻሕፍት። "ይሄ ግድግዳ ዕቃ መሸከም አይችልም" አሉኝ። "ዕቃው ግድግዳውን ይሸከም።" በሳቸው በኩልም የእማማ ሩቂያን ማስቀመጫ እንደ ጥንቱ አድርገው ገነቡላቸው። የቀረው ሁሉ በድንጋይ ተሞላ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ከዚህ ምን እንድትወስዱ እንደምፈልግ ታውቃላችሁ። ስለ እንዳለ አይደለም። እንዳለ ዓይነቱ በየቤቱ አለ፤ ስትንቁት ይቀንሳል፣ በቃ። ስለ እኛ ነው። ዝምታችንን ጨዋነት ብለን እንጠራዋለን፤ ሰው ደግሞ አምኖን ከሥሩ ይቀመጣል። ስትፈሩ ፍሩ፤ እኔ ዛሬም መብረቅ እፈራለሁ። ግን ባዶ ድምፅ ከሰማችሁ በዚያችው ደቂቃ ተናገሩ። ወረቀት አትለጥፉ።

የልጅ ልጄ ክርስትና ላይ እንዳለ መደርደሪያውን በመዳፉ ደባበሰና ለእንግዶች፣ "ዲዛይኑ የኔ ነው" አላቸው።

"አዎ" አልኩ፣ "ቀዳዳው።"

አንድ የተከፋሁበት ነገር አለ። ግድግዳው አሁን ሙሉ ነው፤ ብመታው አይሰማም። ስለዚህ በየጠዋቱ ሦስቱን መንገድ ዞሬ እሄዳለሁ። እማማ ሩቂያ ዓይናቸው ደክሟል፤ ኮቴ ሲሰሙ ከነደባቸው ላይ ሆነው፣

"ማነው? ኢንጂነሩ ነው?" ይላሉ።

"አይደለም፣ እማማ" እላለሁ። "ዘነቡ ነኝ። በበር ነው የመጣሁት።"